የፒክ አፕ መኪና የኋላ ጎን መስታወት በተሰበረ ጊዜ ስለሚለወጥበት አሠራር

ለእርሻ ሥራ ከሚያገለግሉት ተሽከርካሪዎች መካከል ፒክ አፕ የሚባለው መኪና ለገጠር መንገድ እጅግ የተስማማ ነው። በጋቢናው ሰው፤ በካሶኒው ዘርና ማዳበሪያ፤ የመስክ መሣሪያና የከብት መድኃኒት ይጭናል። ይህን ያህል አገልግሎት የሚሰጥ መኪና ከኋላ ጎኑ አንዲት መስታወት ብትሰበርበት፤ ሞተሩ ይሠራልና ጎማውም ይዞራልና ነገሩ ለብዙ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ከዚያም በቀዳዳው ላይ ካርቶን ወይም ጆንያ ይለጠፍና መኪናው እንዲሁ ሲሠራበት ይከርማል። በየሀገሩ ያላችሁ አስተዳዳሪዎች፤ የወረዳ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ይህ ልማድ የሚያመጣውን ጉዳት አስተውላችሁ፤ ጥገናው በደንብ መሠራቱን ለመመርመር እንድትችሉ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። የሹም ሥራ ብሎን መፍታት አይደለም፤ ነገር ግን የሚሠራውን የማያውቅ ሰው የተሠራውን ሊቈጣጠር አይችልም።

ስለ ጉዳቱ

ከተሰበረ መስታወት የሚመጣው ጉዳት ብዙ ነው። በመጀመሪያ፤ በበጋ አቧራ፤ በክረምት ዝናብ ወደ ጋቢናው ይገባል። በሰኔ ለመዝራት የታሰበ ምርጥ ዘር በኋላ ወንበር ላይ ተጭኖ ቢረጥብ ሊሻግትና የመብቀል ኀይሉን ሊያጣ ይችላል። ከከብት ክትባትም ብዙው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ የሚገባው ስለ ሆነ፤ የበረዶ ሣጥኑ ፀሐይና የሞቀ ነፋስ በሚገባበት በኩል ሲቀመጥ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። በሁለተኛው፤ መኪናው ሲሄድ ከጋቢናው በስተኋላ ነፋሱ ስለሚዞር የሞተሩ ጢስ በክፍቱ ቦታ ሊሳብ ይችላል። በጢሱም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ነው፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ሰውን ራስ እያሳመመና እያንቀላፋ ይጐዳል። በሦስተኛው፤ ካርቶን የተለጠፈበት መስኰት የነጂውን ዐይን ይጋርዳል፤ በገበያ ቀን ሕፃናትና ከብቶች በመኪናው ዙሪያ ሲተላለፉ ወደ ኋላ የሚነዳ ሹፌር ያን ጎን ማየት አለበት። በአራተኛው፤ ክፍት መስኰት ለሌባ የተከፈተ በር ነው።

ስለ መስታወቱ ጠባይ

የመኪና መስታወት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። የፊተኛው መስታወት ሁለት ስስ መስታወቶች በመካከላቸው ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ገብቶባቸው የተጣበቁ ነው፤ ቢሰነጠቅም ስብርባሪው በሽፋኑ ላይ ተይዞ ይቀራል። ይህን ዐይነት መስታወት ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ በፈረንጆች ቍጥር በ1909 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። የኋላ ጎን መስታወት ግን በአብዛኛው በእሳት የጠነከረ አንድ ወጥ መስታወት ነው። ይህም የሚሠራው ተቈርጦ፤ ጠርዙ ተሞርዶ፤ ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀት ይግልና ወዲያው በኀይለኛ ነፋስ ይቀዘቅዛል። ውጭው አስቀድሞ ይደርቃል፤ ውስጡ በኋላ ሲቀዘቅዝ ውጭውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ስለዚህ የውጭው ገጽ ተጨምቆ ይኖራል። በዚህ ምክንያት መስታወቱ ከተራው መስታወት ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ያህል ይጠነክራል፤ ሲሰበርም በአንድ ጊዜ እንደ ጨው እህል ትናንሽ ሆኖ ይፈርሳል እንጂ እንደ ጩቤ አይሾልም።

ከዚህ ጠባይ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፤ እንዲህ ያለውን መስታወት ከተሠራ በኋላ መቍረጥም መብሳትም አይቻልም፤ ወዲያው ይፈርሳል። ስለዚህ የሚተካው መስታወት ለዚያው መኪና በልኩ የተሠራ መሆን አለበት። ሁለተኛው፤ የቤት መስኰት መስታወት በልክ ተቈርጦ በመኪና ላይ መግባት የለበትም። ዋጋው ርካሽ፤ መልኩም ያው ነውና ይህ ነገር ሰውን ሊያታልል ይችላል፤ ነገር ግን መኪናው ቢጋጭ ወይም ቢገለበጥ ያ መስታወት እንደ ቢላዋ ስለታም ሆኖ ተሳፋሪውን ይቈርጣል። የጥቂት ብር ቍጠባ የሰው ዐይን ወይም ነፍስ የሚያስከፍል ከሆነ ቍጠባ ሊባል አይገባውም።

የሚገዛውን መስታወት ስለ መለየት

በፒክ አፕ መኪና የኋላ ጎን መስታወት ሦስት ዐይነት አቀማመጥ አለው። ደብል ጋቢና በሚባለውና አራት በር ባለው መኪና፤ ለምሳሌ በሀገራችን በብዛት በሚታየው ቶዮታ ሃይሉክስ፤ በኋላው በር ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ትልቅ መስታወት አለ። ከእርሱም በስተኋላ፤ በቋሚ ብረት ተለይታ በጎማ ክፈፍ የተያዘች የማትንቀሳቀስ ትንሽ መስታወት ትገኛለች። ሦስተኛው ዐይነት ከፊት ወንበር በስተኋላ ጥቂት ቦታ በተጨመረበት ጋቢና ላይ ያለው ነው፤ ይህ በብዙ መኪኖች ላይ በማጣበቂያ ከብረቱ ጋር የተያያዘ ሲሆን፤ በአንዳንዱም በማጠፊያ የሚከፈት ነው።

ስለዚህ መስታወት ለመግዛት ሰው በተላከ ጊዜ “የፒክ አፕ መስታወት” ተብሎ ብቻ ቢጻፍ አይበቃም። የመኪናው ስምና ሞዴል፤ የተሠራበት ዓመት፤ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቍጥር፤ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ፤ የሚንቀሳቀስ ወይም ቋሚ መሆኑ፤ ነጭ ወይም ጠቆር ያለ መሆኑ ሁሉ መጻፍ አለበት። ቀኝና ግራ የሚባለውም በሾፌሩ ወንበር ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ በተቀመጠ ሰው ነው። ያልተሰበረው ወዲያኛው መስታወት ቢለካና ምልክቱ ቢገለበጥ ለመግዛት የተላከውን ሰው ይረዳዋል።

በመስታወቱ ጠርዝ ላይ የታተመውንም ምልክት መመርመር ያሻል። በክብ ውስጥ የላቲን ፊደል ኢ ከቍጥር ጋር ቢገኝ፤ ቍጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን፤ 11 ብሪታንያ፤ 43 ጃፓን ነው። ከክቡ ውጭ 43 አር ተብሎ የሚጻፈው ግን የአገር ቍጥር ሳይሆን ስለ መኪና መስታወት የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ቍጥር ነውና ሁለቱ እንዳይምታቱ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሥርዓት ለተሠራው ኤ ኤስ 1 የፊት መስታወትን፤ ኤ ኤስ 2 ብርሃን በደንብ የሚያሳልፈውን የጎን መስታወት፤ ኤ ኤስ 3 ጠቆር ያለውን ያመለክታል። ምንም ምልክት የሌለበትን መስታወት መቀበል አይገባም። በአዲስ አበባ እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ያገለገለ መስታወት ሲገዛም ጠርዙ በጣት ይዳሰስ፤ የጠነከረ መስታወት በጠርዙ ላይ ጥቂት እንኳ ቢቈረስ ከዚያው ተነሥቶ ሁለንተናው ሊፈርስ ይችላልና።

ከመተካቱ በፊት

አዲሱ መስታወት እስኪመጣ ድረስ ክፍቱ ቦታ በወፍራም ግልጽ ላስቲክ ይሸፈን፤ ፕላስተሩም በጎማው ላይ ሳይሆን በታጠበና በደረቀ የብረት ጠርዝ ላይ ይለጠፍ። ይህ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ስብርባሪውን የሚያነሣ ሰው ወፍራም ጓንትና የዐይን መነጽር ያድርግ፤ በባዶ እጅም አይጥረግ። ከወንበሩ ሥር፤ ከምንጣፉና ከቀበቶው መያዣ ውስጥ ሁሉ መፈለግ ያስፈልጋል። በበር መስታወት ጊዜ ከስብርባሪው ብዙው ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል፤ እርሱ ካልወጣ በሩ በተዘጋ ቍጥር ይንኳኳል፤ አዲሱን መስታወት ይጭራል፤ ከበሩ ግርጌ ያለውንም የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይደፍናል። ቀዳዳው በተደፈነ ጊዜ የክረምት ውኃ በበሩ ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ያዝጋል።

የበሩን መስታወት ስለ መለወጥ

1ኛ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ይፈታ። የአየር ከረጢት ባለበት መኪና ከዚህ በኋላ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፤ ለቶዮታ መኪኖች ቢያንስ 90 ሴኮንድ ነው።

2ኛ፤ የበሩ የውስጥ ሽፋን ይነሣ። ብሎኖቹ በመያዣው ሥርና በክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ተሰውረው ስለሚገኙ አስቀድሞ መፈለግ ይገባል እንጂ በግድ መሳብ አይገባም፤ የፕላስቲክ ማያያዣዎቹ ይሰበራሉ።

3ኛ፤ ከሽፋኑ ሥር የተለጠፈው ላስቲክ ሳይቀደድ በቀስታ ይላቀቅ። ይህ ላስቲክ በበሩ ውስጥ የሚወርደውን ውኃ ወደ ጋቢናው እንዳይገባ የሚከለክል ስለ ሆነ በኋላ በቦታው መመለስ አለበት።

4ኛ፤ የበሩ ሆድ ፈጽሞ ይጠረግ፤ አቧራ በሚስብ ማሽንም ይመጠጥ፤ የውኃ መውጫዎቹ ይከፈቱ።

5ኛ፤ ትንሿና ቋሚዋ መስታወት የምትለወጥ ከሆነ፤ ወይም ትልቁ እንዲገባ ቦታ ካስፈለገ፤ በመካከል ያለው ቋሚ ብረት ብሎኑ ተፈትቶ ይነሣ። ትንሿ መስታወት ከነጎማ ክፈፏ ወደ ፊት ተስባ ትወጣለች፤ አዲሲቱም ክፈፏ በሳሙና ውኃ ረጥቦ በዚያው መንገድ ትገባለች። በዘይት ማርጠብ አይገባም፤ ጎማውን ያበላሻልና።

6ኛ፤ ትልቁ መስታወት ዘንበል ተደርጎ በበሩ ውስጥ ይውረድ፤ በግራና በቀኝ ባለው የጎማ መንሸራተቻ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያም በመስታወት ማንሻው ላይ ይያያዝ። ብሎኖቹ በመጀመሪያ ላላ ብለው ይታሰሩ፤ መስታወቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከበሩ ክፈፍ ጋር ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ይጥበቁ። ከመጠን ያለፈ ማጥበቅ መስታወቱን ይሰብረዋል።

7ኛ፤ ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት መስታወቱ ደጋግሞ ወጥቶ ይውረድ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው ሲገናኝ እጅ ከበሩ ውስጥ ይውጣ። በአንዳንድ መኪና ላይ ባትሪው ከተለየ በኋላ መስኰቱ በራሱ መዘጋቱን ይረሳልና፤ በመኪናው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው እንደ ገና ማስተማር ያስፈልጋል።

በማጣበቂያ የሚያዘውን መስታወት ስለ መለወጥ

ይህኛው የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የቀረው አሮጌ ማጣበቂያ በስለት ይቈረጣል፤ ነገር ግን እስከ ብረቱ ድረስ አይፋቅም። ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ስስ ሽፋን ቢቀር አዲሱ ማጣበቂያ በእርሱ ላይ ይበልጥ ይይዛል። ቀለሙ ተጭሮ ብረት የታየበት ቦታ ሁሉ ለዚህ የተሠራው መነሻ ቀለም ይቀባበት፤ አለዚያ ዝገት ከሥር ተነሥቶ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። የአዲሱ መስታወት ጠርዝ ይጸዳል፤ በመነሻው ይቀባል፤ ከዚያ ፖሊዩሪቴን የሚባለው ማጣበቂያ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ይፈስስና መስታወቱ በቦታው ተቀምጦ በፕላስተር ይደገፋል። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጥቍር ጠርዝ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ማጣበቂያውን ከፀሐይ ጨረር ይጠብቃል። ለመታጠቢያ ቤት የሚያገለግል ሲሊኮን በዚህ ሥራ መግባት የለበትም፤ መስታወቱን የሚይዝ ኀይል የለውም፤ ከተቀባም በኋላ ሌላ ማጣበቂያ እንዳይያዝ ያደርጋል።

ይህ ማጣበቂያ የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። በመጠነኛ ሙቀትና እርጥበት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ይጠነክራል። ስለዚህ በደጋ ብርድና አየሩ በሚደርቅበት በጥርና በየካቲት ይዘገያል። መኪናው ለመንዳት የሚፈቀድበት ሰዓት በማጣበቂያው ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሹምም ቢሆን ነጂውን ከዚያ አስቀድሞ እንዲነሣ ማስገደድ አይገባውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ በኀይል እንዳይዘጋ፤ ሲዘጋም አንዱ መስኰት ጥቂት እንዲከፈት ይሁን፤ ውስጥ የታፈነው አየር አዲሱን መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋልና።

ሥራውን ስለ መቀበል

ጥገናው ባለቀ ጊዜ የሚቀበለው ሹም አምስት ነገር ይመልከት። የመስታወቱ ምልክት ከታዘዘው ጋር መስማማቱን፤ መስኰቱ ሳይንገዋለል መውጣትና መውረዱን፤ በሩ ሲዘጋ የስብርባሪ ድምፅ አለመሰማቱን፤ ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ውኃ ሲፈስበት ወደ ውስጥ አለመግባቱን፤ አሮጌው ስብርባሪ በከረጢት ታስሮ ሰውና ከብት በማይረግጥበት ቦታ መጣሉን ነው። ውኃው ሲፈስስ አንድ ሰው በውስጥ ተቀምጦ በደረቅ ጨርቅ ጠርዙን ይዳስስ። ከዚያም የተሰበረበት ቀንና ምክንያት፤ የተከፈለው ዋጋና የሠራው ጋራዥ በመኪናው መዝገብ ይጻፍ።

ምክንያቱን መጻፍ እንደ ከንቱ ሥራ አይቈጠር። መስታወቱ የተሰበረው በካሶኒው ላይ ሳይታሰር በተጫነ እንጨትና ቱቦ እንደ ሆነ ጥፋቱ የአጫጫን ነው፤ ከፊት ያለውን መኪና ተጠግቶ በመሄድ በተወረወረ ጠጠር እንደ ሆነ የአነዳድ ነው፤ በሌሊት በሌባ እንደ ሆነ የማቆሚያ ቦታ ነው። ምክንያቱ ካልታወቀና ካልተወገደ፤ ዛሬ የተተካው መስታወት ነገ ይሰበራል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ መስታወቱ በተሰበረበት ሳምንት መጠገኑ ዘሩን ከዝናብ፤ ክትባቱን ከሙቀት፤ ተሳፋሪውንም ከአደጋ ይጠብቃል። የዘሩን መድረስ የሚጠብቀው ገበሬ የመኪናውን መስታወት አያይም፤ የሚያየው የደረሰለት ዘር የበቀለ ወይም ያልበቀለ መሆኑን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም በእጁ ያሉትን መኪኖች ክረምት ሳይገባ እንዲመረምር፤ የተሰበረም ቢያገኝ በዚህ እንደ ተጻፈው እንዲያስጠግን እናሳስባለን።