መሞት የሚገባቸው 131 ሕዋሳት

ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ወጣ ሲሉ ጀርሚስተን አለች። ሲድኒ ብሬነር እ.ኤ.አ. በ1927 የተወለደው እዚያ ነው። አባቱ ከሊቱዌኒያ የተሰደዱ ጫማ ጠጋኝ ነበሩ። ልጁ በ15 ዓመቱ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ሕክምና ተማረ፣ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፣ በ2002 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ጆሃንስበርግ በተነሳ ቁጥር ወርቁ ብቻ መወራቱ ያንገበግበኛል። ከዚህ አካባቢ ልጆች ሥራ ሁሉ ለታማሚ የበጀው የዚህ ሰው ትል ነው ባይ ነኝ።

አዎን፣ ትል። ሲ. ኤለጋንስ ይባላል። ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የበሰበሰ ፍሬ ላይ ባክቴሪያ እየበላ ይኖራል። ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ ሠፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ቡና ስንጠጣ ወሬውን ባነሳሁ ቁጥር «ወስፋት ነው እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ሰው ሆድ ውስጥ አይኖርም፣ ማንንም አያሳምም። ገላው እንደ ብርጭቆ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ማይክሮስኮፕ ሥር ሆኖ እያንዳንዱ ሕዋሱ በሕይወት እንዳለ ይታያል። ብሬነር በ1960ዎቹ የመረጠው ለዚህም ጭምር ነው። በ2006 እና በ2024ም ሌሎችን ለኖቤል ያበቃው ይኸው ትል ነው።

አብረውት ከተሸለሙት ሁለት ባልደረቦቹ አንዱ፣ ጆን ሰልስተን፣ የትሉ ሕዋስ ሲከፈል ዓይኑን ሳይነቅል እያየ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ እየመዘገበ ዓመታት ቆየ። የፅንሱ ሙሉ የትውልድ ሐረግ በ1983 ታተመ። ሁለቱንም ጾታ አጣምሮ በያዘው ትል፣ ከዘር ሕዋሳቱ ሌላ 1090 ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ አድጎ ሲቆጠር ግን ያለው 959 ነው። 131ዱ ሞተዋል። ስለዚህ ነገር ማውራት አይሰለቸኝም፦ በየትኛውም ትል የሚሞቱት እነዚያው 131 ናቸው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የዕድገት ሰዓት። የጎዳቸው ነገር የለም፤ ምግብም አላጡም። የመሞቻው ትእዛዝ በዘረመላቸው ውስጥ ተጽፏል። ሬሳውን ጎረቤት ሕዋስ ይውጠውና በአንድ ሰዓት ገደማ ደብዛው ይጠፋል። ሌላው ተሸላሚ ባልደረባ፣ ሮበርት ሆርቪትዝ፣ ይህን ትእዛዝ የሚያስፈጽሙትን ዘረመሎች ለየ፤ ሞቱን የሚከለክለውን ሴድ-9ንም አገኘ። የእኛም ጣቶች ማህፀን ውስጥ የተለያዩት በመካከላቸው የነበሩት ሕዋሳት በትእዛዝ ስለሞቱ ነው።

«ካንሰር ማለት ሕዋስ ያለ ልክ ሲራባ ነው» እያሉ የሚያስተምሩና የሚጽፉ ሰዎች ላይ ቅሬታ አለኝ። የሚነግሩን ግማሹን ነው። ጊዜው ያለፈበት ሕዋስ አልሞትም ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ባይራባም ይከማቻል። ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ በተባለው የደም ካንሰር የታመሙት ነጭ የደም ሕዋሳት ቢሲኤል-2 የሚባል ፕሮቲን ያበዛሉ፤ ይህም ፕሮቲን የሞቱን ትእዛዝ ያግዳል። በ1992 ተመራማሪዎች የሰውን ቢሲኤል-2 ዘረመል ትሉ ውስጥ አስገቡ። መሞት ከነበረባቸው ሕዋሳት የተወሰኑት ተረፉ! የሰው ዘረመል በትል ገላ ውስጥ ያንኑ ሥራውን ሠራ፤ ሴድ-9 እና ቢሲኤል-2 የሥጋ ዘመዳሞች ናቸውና።

ቬኔቶክላክስ የተባለው ክኒን ቢሲኤል-2ን ይዞ ሥራ ያስፈታዋል፤ ታግዶ የቆየው ሞት ይፈጸማል። አሜሪካ ውስጥ በ2016 ተፈቀደ። አስታማሚዎች «ቶሎ እንዲሻለው» ብላችሁ መጠኑን በራሳችሁ እንዳትጨምሩ አደራ! የካንሰር ሕዋሳት ባንድ ጊዜ ሲያልቁ ውስጣቸው የነበረው ፖታሲየምና ፎስፌት ደም ውስጥ ይፈስሳል፤ ኩላሊትንና ልብን ይጎዳል። ለዚህ የደም ካንሰር በቀን 20 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ ከፍ እያለ፣ በአምስተኛው ሳምንት 400 የሚደርሰው ለዚህ ነው። ታማሚው ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ደሙም በየደረጃው ይመረመራል።