ገንፎ ሲገነፋ

ታኅሣሥ ሲገባ ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ያን ጊዜ የሚናፍቀኝ አንድ ምግብ አለ፤ የገብስ ገንፎ። ያደግኩባት ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ገብስ ደጋ ይስማማዋል፤ በብርድ ጠዋት እናቴ ገንፎ ታገነፋልን ነበር።

አምና እናቴ ልትጠይቀን መጣች። በመጣች በሳምንቷ ገንፎ ልታገነፋ ተነሣች። ሁለት ሦስቴ እንዳማሰለች ግን ማማሰያውን አስቀመጠች። የእጇን አንጓ ያማታል። «የእኔ ገንፎ ድሮ ቀረ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይህን ሁሉ ዓመት ስበላ አንድ ቀን እንኳ እንዴት እንደሚገነፋ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ እሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ማማሰያውን እኔ ያዝኩ።

«ዱቄቱ ስንት ነው?»

«እስኪበቃው።»

ስለዚህ በዓይኗ ለክታ ሳህን ላይ እንድታደርገው ለመንኳት፤ ከዚያ እኔ በስኒ ሰፈርኩት። ለ3 ስኒ ውሃ 2 ስኒ ዱቄት ሆነ።

ዱቄቱን በአንዴ ስገለብጠው ጓጎለ። «ድንጋይ ልታበላኝ ነው?» አለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዱቄቱ ተከምሮ የፈላ ውሃ ሲነካው ውጪው ቶሎ ይበስልና ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል።

በሁለተኛው ቀን ተሳካ። እናንተም እንዲህ ሞክሩት።

የገብሱን ዱቄት በደረቅ መጥበሻ ላይ ሽታው እስኪያውድ ድረስ ለዘብ ባለ እሳት አመስ አመስ አድርጉት። ውሃውን ከትንሽ ጨው ጋር አፍሉና አንዱን ስኒ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሳችሁ በኃይል አማስሉ። ሲጠጥር የቀነሳችሁትን ውሃ እየጨመራችሁ አለስልሱት። እሳቱን ቀንሳችሁ 10 ደቂቃ ያህል እያገላበጣችሁ አብስሉት።

ቅቤ በተቀባ ሳህን ላይ አውጡት። መሐሉን ጎድጎድ አድርጉና የቀለጠ ንጥር ቅቤና በርበሬ ጨምሩበት። ከዳር እየቆረሳችሁ ቅቤውን እያጠቀሳችሁ ብሉ። ግድግዳውን ቀድሞ ያፈረሰ ቅቤውን ያፈሳል!

የስድስት ዓመቷ ልጄ ስታየን ቆይታ «አያቴ፣ ገንፎው ገነፈለ!» አለች። እናቴ ደንግጣ ወደ ምድጃው ዞረች። «ገነፈለ» ማለት ፈልቶ ከድስቱ ወጥቶ ፈሰሰ ማለት ነው። ልጄ ልትል የፈለገችው «ተገነፋ» ነበር።

ዘንድሮ እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ባለፈው ቅዳሜ ገንፎ ሳገነፋ ደወልንላት። ድስቱን ላሳያት ስል «ማየቱ ይቅርብኝ፤ ድምፁን አሰማኝ» አለች። ልጄ ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጋች። ገንፎው ፑፍ፣ ፑፍ ይላል።

«ገና ነው» አለች እናቴ።

ሦስቱም ዝም ብለን አዳመጥን። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ወፈር፣ ዘግየት አለ።

«አሁን አውጣው» አለች።

«ተገነፋ!» አለች ልጄ።