የአሮጌይቱ ቮልስዋገን ሞተር ልብስ

በመቀሌ ከተማ፥ በቃላሚኖ ሠፈር፥ በአንድ ግቢ ውስጥ በ1956 ዓ.ም. የተሠራች ቮልስዋገን ቆማለች፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱባት ዐይነት መኪና ናት። ባለቤትዋ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኖአል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በነዳጅ እጦት ሳትንቀሳቀስ ቆይታ ነበር። አሁን ግን የበኵር ልጃቸው በእኅቱ ሠርግ ዕለት ሙሽራዪቱን ሊያወጣባት ስለ ፈለገ ሞተሯን ለማስጌጥ ተነሣ።

ሞተር ማስጌጥ ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ ጎልማሶች በ1932 እ.ኤ.አ. የወጣውን ባለ 8 ሲሊንደር የፎርድ ሞተር በሚያብረቀርቅ ብረት ያለብሱት ነበር፤ ዛሬም የዚያን ዘመን መልክ ያለው ዕቃ እየፈለጉ የሚገጥሙ አሉ። የእኛም ወጣት ይህን አስቦ፥ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ቆርቆሮ አውልቆ ጣለ፤ ትልቁንም የአየር ማጣሪያ አንሥቶ የሚያበራ ትንሽ ማጣሪያ ተካበት።

የኋላውን ኮፋኖ ከፍቶ ሲያሳየን ደነገጥን። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ በዋናነት የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያው የሚነፍሰው አየር ነው። ቆርቆሮውም የዚያ አየር መንገድ ነው፤ ከሥር ያለውን ትኩስ አየር ከላይኛው ቀዝቃዛ አየር ይለያል። እርሱ ሲጎድል ማራገቢያው ትኩሱን መልሶ እየሳበ ሞተሩን ያግለዋል። መቀሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየርም ሙቀትን አጥብቆ አይወስድም። የተጣለው ትልቁ ማጣሪያ በሆዱ ዘይት ይዞ አቧራውን በዘይቱ የሚያስቀር ነው። የአገራችንን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጌጥ ከወዴት ይገኛል?

«መምህር፥ ጥቁር ቆርቆሮ ለሠርግ ምን ያምራል?» ሲል ተከራከረን። ወይዘሮዪቱ እናቱ ግን ምንም ሳይናገሩ ወደ ጓሮ ሄዱና ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ለቅመው አመጡለት፤ «አባትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጸዱት የነበረ ይህ ነው» አሉት።

ልጁም ዝገቱን ፍቆ፥ እንደ ፋብሪካው ጥቁር ቀለም ቀብቶ፥ በየቦታው መለሰው። እኛ አሮጌ ሆኖ እንዲቀር ያልፈቀድንለት አንድ ነገር ቢኖር የቤንዚኑን የጎማ ቱቦ ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባልና፥ ብዙ ቮልስዋገኖች ተቃጥለው የቀሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ ቱቦ ተገጠመ፤ ካርቡራተሩም ከቆየው ቤንዚን ዝቃጭ ተጠረገ።

ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ወይዘሮዪቱ ድምፁን በሰሙ ጊዜ ከቤት ወጥተው በደጃፉ ቆሙ፤ ልጁም እስኪጠግቡ ድረስ አላጠፋውም።