ማውንት ቨርነን፦ አንድ ርስት፣ ሁለት የመቃብር ስፍራ

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ደቡብ አለፍ ሲሉ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ማውንት ቨርነን ይገኛል። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት ነው፤ የኖረውም የተቀበረውም እዚሁ ነው።

ቤተሰቡ መሬቱን የያዘው በ1674 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በ1734 ገደማ አነስተኛ ቤት ሠራበት። ታላቅ ወንድሙ ሎረንስ ደግሞ ርስቱን በአዛዡ በእንግሊዛዊው አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን ስም ሰየመው። ዋሽንግተን በ1754 ተከራይቶ ገባ፤ በ1761 ወረሰው። ቤቱን ሁለት ጊዜ አስፋፍቶ 21 ክፍል አደረሰው። ግድግዳው የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንጨት ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ተነስንሶበት ነው ድንጋይ የመሰለው። መሬቱም ሰፍቶ 8,000 ኤከር ገደማ ሆነ።

ይህን ሁሉ መሬት ያለሙት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። በ1799 ቁጥራቸው 317 ነበር። ዋሽንግተን በኑዛዜው ነፃ ያወጣው የራሱ የነበሩትን 123 ብቻ ነው። ሌሎች 153 ሰዎች የሚስቱ የማርታ የቀድሞ ባል ውርስ ስለነበሩ በሕግ ሊነካቸው አይችልም ነበር፤ ማርታ ስትሞት ለልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። ከሁለቱም ወገን የተጋቡ ብዙ ነበሩና ነፃነቱ ባልን ከሚስት፣ ወላጅን ከልጅ ለየ።

ዋሽንግተን ዲሴምበር 14 ቀን 1799 ሲሞት በአሮጌው የቤተሰብ መቃብር ገባ። አዲስ የጡብ መቃብር እንዲሠራ ተናዞ ስለነበር በ1831 ተሠርቶ አፅሙ ተዛወረ። ኮንግረስ ዋና ከተማው ውስጥ በካፒቶል ሕንፃ ሥር ሊያሳርፈው ፈልጎ ነበር፤ ቤተሰቡ እምቢ በማለቱ የተዘጋጀው ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።

ከዚህ መቃብር ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ የባሮቹ መቃብር አለ። ስም የተጻፈበት ድንጋይ የለውም። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ዘመን ከዋሽንግተን ጎን ያልተለየው አገልጋይ ዊልያም ሊ እዚያ እንደተቀበረ ይታመናል። በ1929 ትንሽ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ፤ በ1983 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነደፉት ሐውልት ታከለበት። ከ2014 ጀምሮ አርኪዮሎጂስቶች የላዩን አፈር ብቻ እየገፈፉ፣ ተቆፍሮ የተሞላውን መሬት በቀለሙ እየለዩ መቃብሮቹን መዝግበዋል። አፅም አልነኩም።

ርስቱ የመንግሥት አይደለም። ሊፈርስ ሲቃረብ አን ፓሜላ ከኒንግሃም በ1853 ያቋቋመችው የሴቶች ማኅበር በ200,000 ዶላር ገዝቶ አዳነው፤ ዛሬም የሚያስተዳድረው እሱ ነው።

ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የዋሽንግተን አፅም ባረፈበት የእብነ በረድ ሣጥን ፊት ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። እርስዎ ግን ከሄዱ ወደ ታችኛው መቃብር ይውረዱ፤ እዚያ ያረፉት ሰዎች ካልታሰቡ የርስቱ ታሪክ ጎዶሎ ነው።