ያውቁ ኖሯል? የተጫዋቾች ሙግትና የአምባሰል ተራራ

የካቲት 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለው የኒንቴንዶ ጌም «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ከሐያስያን በአማካይ ከ100 97 ነጥብ አግኝቷል። «ስዊች» ለተባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ ከተዘጋጀው ብቻ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ተጫዋቾቹ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። አንዱ ከዚህ የተሻለ አልተሠራም ሲል፣ ሌላው ውብ ግን ባዶ ሜዳ ነው ይላል። ሙግቱን ወሎ ውስጥ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ሆኖ ለሚከታተል ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከአምባ መውረድ፣ በዝናብ ገደል መውጣት፣ ወዳልተፈቀደ ሥፍራ መጠጋት አምባሰል ውስጥ ረጅም ታሪክ አላቸው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? የጌሙ ጀግና ሊንክ ጉዞውን የሚጀምረው ከአምባ ላይ ነው። ከመቶ ዓመት እንቅልፍ የሚነቃበት ሥፍራ አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል ነው። አንድ ሽማግሌ በነፋስ የሚያንሳፍፍ ፓራግላይደር እስኪሰጠው ድረስ መውረድ አይችልም። ሽማግሌው ማን እንደሆነ ላልተጫወቱት አልናገርም። ከአምባው ከወረደ በኋላ ግን የሚያዘው የለም፤ ከፈለገ የዚያኑ ዕለት ወደ መጨረሻው ጠላት ወደ ጋነን መሄድ ይችላል። ሙግቱም የሚጀምረው ከዚህ ነፃነት ነው። የሚመራቸው የሚፈልጉ ተጫዋቾች ታሪኩ ተበታተነብን ይላሉ። የቀሩት ደግሞ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጌም አምኖ ለቀቀን ይላሉ።

ያውቁ ኖሯል? በአምባሰል የሚገኘው የግሸን አምባም መውረድ የተከለከለባቸው ነዋሪዎች ነበሩት። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ 16ኛው ድረስ የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች በዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ይቀመጡ ነበር። ወራሽ ሲፈለግ ከአምባው ይወርዳል፤ ያልተፈለገው እዚያው ያረጃል። ዛሬ ምእመናን ግሸን ማርያምን ለማንገሥ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ አምባው ይወጣሉ። ተራራው ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው። በትውፊቱ መሠረት የጌታ ግማደ መስቀል ያረፈው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በዚሁ ሥፍራ ነው።

የዚህ አምባ ወሬ አውሮፓ መድረሱንስ? ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ልዑላኑ ተራራ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1540 ታተመ። ወሬው እየተቀባበለ እንግሊዝ ገባ። ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» ውስጥ የአማራን ተራራ ስም ጠርቷል። ኮልሪጅም «ኩብላ ካን» በተባለው ግጥሙ የእጅ ጽሑፍ ላይ ተራራውን «አማራ» ብሎት ነበር፤ በ1816 ሲታተም ስሙ «አቦራ» ሆነ። ሦስቱ ሐሳቦች፣ ተራራ፣ ልዑል፣ የተከለለ ገነት፣ በአውሮፓ ምናባዊ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሥር የሰደዱት በከፊል ከወሎ ተነሥተው ነው። ይህን የሐይቅና የውጫሌ ተማሪ ሁሉ ቢያውቀው ደስታዬ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 የጻፈው «ራስላስ» ልክ እንደ ዛሬዎቹ «ክፍት ዓለም» (ተጫዋቹ እንደ ልቡ የሚዞርባቸው) ጌሞች ይጀምራል። ጆንሰን ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም፤ የእናቱን ቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው ይባላል። ልዑሉ የሚኖረው በአማራ ግዛት፣ ዙሪያውን ተራራ በከበበው፣ መሐሉ ላይ ሐይቅ ባለበት ሸለቆ ነው። የጎደለበት የለም፤ መውጣት ብቻ አይፈቀድለትም። በዚያ ሸለቆ አንድ የእጅ ባለሙያ ክንፍ ሠርቶ ከፍ ካለ ሥፍራ ዘሎ ለመብረር ይሞክራል። ወዲያው ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ላይ ያልሠራው ክንፍ ውኃ ላይ ስላንሳፈፈው አልሰጠመም፤ በፍርሃት ግማሽ የሞተውን ሰው ልዑሉ ጎትቶ ያወጣዋል። ሊንክ ፓራግላይደሩን ዘርግቶ ከአምባው ሲወረወር ባየሁ ቁጥር ይህ ምስኪን ሰው ትዝ ይለኛል። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሰው ሲራክ ኅሩይ ነው። ልዑሉ በስተመጨረሻ ተራራውን ሰርስሮ ወጥቶ ዓለምን ይዞራል።

አሁን ወደ ሙግቱ እንመለስ። ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀው የጦር መሣሪያዎቹ መሰባበር ነው። በ«ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ሰይፉም ጦሩም ጋሻውም ጥቂት ከተመታበት በኋላ ይሰባበራል። በብዙ ልፋት ያገኙት የሚያምር ሰይፍ በማግሥቱ እጅ ላይ ሲበተን ያናድዳል፤ ብዙዎች ጌሙን የተዉት በዚህ ነው። ብዙዎች ደግሞ ጥሩ ጥሩውን ለክፉ ቀን እያሉ ያስቀምጡና ሳይጠቀሙበት ጌሙ ያልቃል። እኔ በዚህ ነጥብ ከሠሪዎቹ ጋር ነኝ። መሣሪያው ባይሰበር ኖሮ ተጫዋቹ አንድ ሰይፍ ይዞ እስከ መጨረሻ ይዘልቅ ነበር። ስለሚሰበር ግን የጠላትን ዱላ ይነጥቃል፣ ድንጋይ ከገደል ያንከባልላል፣ ሣር ያቃጥላል፣ ሳይዋጋ ዞሮ ያልፋል። «ማስተር ሶርድ» የተባለው ሰይፍ ብቻ አይሰበርም፤ ኃይሉ ሲያልቅ ግን 10 ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል።

ዝናቡስ? ሊንክ ከሞላ ጎደል ማንኛውንም ገደል መውጣት ይችላል። ዝናብ ከጣለ ግን ድንጋዩ ያዳልጣል። ጥቂት ይወጣል፣ እግሩ ይከዳዋል፣ ያተረፈውን መልሶ ይንሸራተታል፤ በዚህ መሐል የድካም መለኪያዋ ክብ እየጎደለች ትሄዳለች፣ ባዶ ስትሆን ይወድቃል። ያለው ምርጫ ከተንጠለጠለ ዐለት ሥር እሳት አንድዶ መጠበቅ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚያማርሩትን እረዳቸዋለሁ፤ ዝናቡ ከልክ በላይ ይደጋገማል። ይሁንና በሐምሌ የአምባሰልን አቀበት የወጣ ሰው ጌሙን ውሸት አይለውም። ጭቃው ጫማ ሥር ሲለጠፍ፣ ጉሙ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ሲሰውር፣ ዝናቡ እስኪያባራ ዐለት ሥር መጠለል ነው።

ሌላም ያከራከረ አለ፤ 900 «ኮሮክ» የተባሉ ትናንሽ ፍጥረታት በጌሙ ዓለም ውስጥ ተደብቀዋል። የመሣሪያ መያዣውን እስከ መጨረሻ ለማስፋት 441ዱ ይበቃሉ። 900ውንም ፈልጎ ለጨረሰ የሚሰጠው ሽልማት ወርቃማ የኩስ ቅርጽ ያለው ጌጥ ነው። ይህ ዐይነት ሽልማት ለልፋት የማይመጥን ነው ያሉ ብዙ ናቸው፤ ሠሪዎቹ ግን ሁሉንም ፈልጉ ብለው አላስገደዱም።

ያውቁ ኖሯል? ዳይሬክተሩ ሂዴማሮ ፉጂባያሺ የዓለሙን ስፋት የለካው ተወልዶ ባደገበት ከተማ በኪዮቶ ነው። የሚያውቀውን የኪዮቶ ካርታ በጌሙ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ከዚህ እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ያስኬዳል እያለ አሰላው። የተከታታዩ አባት ሺገሩ ሚያሞቶም በ1986 የወጣውን የመጀመሪያውን ዜልዳ የፀነሰው በልጅነቱ በኪዮቶ አውራጃ ገጠር ጫካና ዋሻ ሲያስስ ካየው ነው። የጌም ሥራ የሚመኝ የሐይቅ ወጣት ይህን ልብ ቢል እወዳለሁ፤ የሚያውቁት መንገድ ለካርታ ይበቃል።

ተራሮቹን ሆን ብለው በሦስት ማዕዘን ቅርጽ እንደሠሯቸውስ? ሠሪዎቹ በ2017 በጃፓን ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሲያስረዱ፣ ሦስት ማዕዘን ኮረብታ ሁለት ነገር ይሠራል አሉ። ከበስተጀርባው ያለውን ስለሚጋርድ ያጓጓል፤ ደግሞም ልውጣው ወይስ ልዙረው የሚል ምርጫ ያቀርባል። ከደሴ ወደ ሐይቅ በመኪና የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንገዱ ሲታጠፍ ኮረብታው ፈቀቅ ይልና ሐይቁ በድንገት ይገለጣል።

የሙዚቃው ነገርም አለ። የቀደሙት ዜልዳዎች በሚዘመር ዜማ የታወቁ ነበሩ፤ በዚህኛው ሜዳ ላይ የሚሰማው አልፎ አልፎ የሚንጠባጠብ ፒያኖ ነው። ዜማው ናፈቀን ያሉ አሉ፣ ጌሙን ያሳመረው ዝምታው ነው ያሉም አሉ። እግረ መንገዴን፦ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ነው። በማሲንቆ የተቃኘ አምባሰል ያለበት ክፍት ዓለም ጌም ቢሠራ ማዳመጥ እጅግ እሻለሁ።

ያውቁ ኖሯል? በጌሙ በረሃ ውስጥ ወንድ የማይገባባት የጌሩዶ ከተማ አለች፤ ሊንክ የሴት ልብስ ለብሶ ይገባል። ይህን ክፍል የወደዱትም ያልተመቻቸውም ተጫዋቾች አሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ደግሞ ሴት አትገባም። አንዱ የልብ ወለድ ሕግ ነው፤ ሌላኛው ለዘመናት የተጠበቀ የምንኩስና ሥርዓት ነውና በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ገዳሙ የቆመበት መሬት ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ዳሞ የመጡት አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚህ ትምህርት ቤት አቁመው ተክለ ሃይማኖትን አስተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ ከታላላቆቹ ጋር ይቆጠር ነበር።

የሐይቁን አፈ ታሪክ የሰማ ሰው የጌም ደራሲዎች ምን እንደቀረባቸው ይገባዋል። አንዲት ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር በደለች። እግዚአብሔር ተቆጥቶ በዙሪያው ያለውን ምድር ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱ ከነወገኗ ሰጠመች። የተረፈው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው። ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው ይላሉ።

በከተሞቻችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች ግን ዜልዳን አያገኙትም፤ በኒንቴንዶ መሣሪያ ብቻ ነው የሚሠራው። ክፍት ዓለም ጌም ራሱ ለእነዚህ ቤቶች አይመችም። አግዳሚው ላይ ተራ ጠባቂ ተደርድሯል፣ ጆይስቲኩ ሁለት ነው፣ ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። የኳስ ጌም በደቂቃዎች አልቆ ተሸናፊው ይነሣል። ፈረስ እየጋለበ የፀሐይ መውጫ የሚያይ ልጅ ግን ገንዘቡን እያቃጠለ ነው፤ ቀጥሎ ሲመጣም ሴቭ ያደረገውን ሌላ ሰው አጥፍቶበት ሊያገኝ ይችላል። በእኔ ግምት እዚህ አገር «አሰልቺ ነው» የሚለው ፍርድ ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ሌሎች ጌሞች በፍጥነት፦ በ2022 የወጣው «ኤልደን ሪንግ» ቀላል ወይም ከባድ አድርጎ የመጫወት ምርጫ የለውም፤ ይህ ክብሩ ነው የሚሉና በር ዘጋብን የሚሉ አልታረቁም። «ጌንሺን ኢምፓክት» ገና ሳይወጣ በ2019 ሻንጋይ በተካሄደ የጌም ትርኢት ላይ አንድ ሰው ከዜልዳ ተኮርጇል በሚል ቁጣ የራሱን ፕሌይስቴሽን ሰባብሯል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲጨምር ወታደሮቹ አማርኛ ተናገሩ፣ ባለ ሾተል ተዋጊ ተሰጣቸው፣ የዮዲትም ዘመቻ ተካተተ። «ሲቪላይዜሽን 6» በ2020 ዐፄ ምኒልክን አስገባ።

ወደ «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ስንመለስ፣ የመጨረሻው ሙግት ስለ ፍጻሜው ነው። ጋነን ከተሸነፈ በኋላ ጌሙ ተጫዋቹን ወደ ውጊያው ዋዜማ ይመልሰዋል፤ የዳነውን አገር ዞሮ ማየት አይችልም። «ራስላስ»ም የሚያበቃው ተጓዦቹ የተመኙት ሁሉ እንደማይገኝ ዐውቀው ወደ አቢሲንያ ለመመለስ ሲወስኑ ነው፤ ይህ መጨረሻ ነው ወይስ ማቋረጥ በሚለው አንባቢያን ከ260 ዓመት በላይ ተከራክረዋል። በ2023 ወጥቶ በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠው ተከታዩ ዜልዳም ካሸነፉ በኋላ የሚመልሰው ወደዚያው ዋዜማ ነው።