የእንዶድ ፍሬና የስሌት መኪና

ሳሙና በየገበያው ከመብዛቱ አስቀድሞ እናቶቻችን የእንዶድን ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው፥ ከውኃ ጋር እያሹ አረፋውን በማውጣት ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ይህ ከጓዳ ያልወጣ የሚመስል ዕውቀት ለሊቃውንት ምርመራ ምን ያህል እንደ ጠቀመ፥ ዛሬም ምን እንደሚጠበቅበት ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ አሰብን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ የብልሃርዝያን በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የብልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ በወንዝ የሚዋኝና ውኃ የሚቀዳ ልጅም በዚሁ ምክንያት ይታመማል። ስለዚህ ነገሩ ለብዙ ቤተ ሰብ ተስፋ ሆነ። በኋላም የእንዶድ ኀይል ሳፖኒን ከሚባሉት አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ መሆኑ ታወቀ፤ ከእነርሱም አንዱ በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን ተባለ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያ ዘመን አንዱን ንጥረ ነገር ከሌላው ለይቶ ማወቅ ብዙ ድካምና ጊዜ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር የተባለው የስሌት መኪና ሥራውን ያቃልላል። ከቅጠል ወይም ከፍሬ የወጣው ጭማቂ በረቂቅ መሣሪያ ተመዝኖ የንጥረ ነገሮቹ ክብደት ይታወቃል፤ ኮምፒዩተሩም ልኩን ከታላላቅ መዛግብት ጋር ያመሳክራል። በአሜሪካ በ2004 የተከፈተው ፐብኬም የተባለው መዝገብ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። የአገራችንም ዕፀዋት አልተረሱም፤ ሊቃውንት በ2019 ባወጡት የኢትዮጵያ ባህላዊ መድኃኒት መዝገብ ከ1000 የሚበልጡ ዕፀዋትና ከ4000 የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች ተሰብስበዋል። ደግሞም መክፈቻ በቁልፍ እንደሚሞከር፥ ንጥረ ነገሩ በሽታውን ከሚያመጣው ተሐዋሲ ፕሮቲን ጋር ይገጥም እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ በስሌት ይሞክራል።

ነገር ግን መኪናው የሚሰጠው ግምት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ግምቱ በቤተ ሙከራና በሐኪም እጅ ካልተፈተነ መድኃኒት አይባልም። እንዶድ ራሱ ቀንድ አውጣን ሲያጠፋ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰው ቢጠጣውም ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ማንም ሰው የዕፁን ስም በመዝገብ ስላገኘ ብቻ ለልጁ ቀቅሎ እንዳያጠጣ አደራ እንላለን።

ከሁሉ በላይ መኪናው ያልተጻፈለትን አያውቅም። በዐድዋ ወንዝ ዳር የተገኘው ነገር አስቀድሞ በልብስ አጣቢዎች እጅ፥ ቀጥሎም በተመልካች ዐይን የተገኘ ነው። በየቤታችን ግን ዕፀዋትን የሚያውቁ አረጋውያን ዕውቀታቸውን እንደ ያዙ ያልፋሉ። ስለዚህ የተማረ የቤተ ሰብ ልጅ ከአያቱ እግር ሥር ተቀምጦ የዕፁን ስም፥ የበቀለበትን ስፍራ፥ የሚወሰደው ሥሩ ወይም ቅጠሉ መሆኑን፥ ልኩንና የታየበትን ጉዳት ጭምር በደብተር ቢጽፍ፥ ለመርማሪዎች ሁሉ ታላቅ ስጦታ ያቆያል።