የሞተር ሳይክል ጎማ አመራረጥ እና በቤት ውስጥ ሊደረግለት የሚገባ እንክብካቤ

ሞተር ሳይክል መሬት የሚረግጠው በሁለት ጎማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ በማንኛውም ቅጽበት መንገዱን የሚነካበት ስፋትም ከአንድ ሰው መዳፍ አይበልጥም። ፍሬን ሲያዝ፣ ኩርባ ሲታጠፍ ወይም በዝናብ የራሰ አስፋልት ሲታለፍ የአሽከርካሪውም ሆነ የተሳፋሪው ደህንነት የተንጠለጠለው በዚሁ ጠባብ ስፋት ላይ ነው። አራት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ አንዱ ጎማ ቢተነፍስ ብዙውን ጊዜ ሳይገለበጥ ዳር መያዝ ይችላል። የሞተር ሳይክል የፊት ጎማ በድንገት ሲተነፍስ ግን መሪው ከቁጥጥር ይወጣል።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚካሄደው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚያረጋግጠው ተሽከርካሪው በምርመራው ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ነው። የጎማ አየር ግን በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ሚስማርም የምርመራ ቀን አይጠብቅም። ስለሆነም ተስማሚውን ጎማ መምረጥም ሆነ የተገዛውን መንከባከብ በዋናነት የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

ገዢው ለመወሰን የሚያስፈልገው አብዛኛው መረጃ በጎማው ጎን ላይ ታትሞ ይገኛል። ለምሳሌ በብዙ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች የፊት ጎማ ላይ 2.75-17፣ በኋላው ላይ ደግሞ 3.00-17 የሚል ጽሑፍ ይታያል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚገባበት ቸርኬ መጠን ሲሆን፣ ሁለቱም በኢንች የተገለጹ ናቸው። 90/90-18 በሚል መልክ የተጻፈ ከሆነ የመጀመሪያው ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ መካከለኛው ከፍታው የስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የመጨረሻው የቸርኬውን መጠን በኢንች ያመለክታል። ትክክለኛው መጠን በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ በአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ላይም በሰንሰለት መከለያው ወይም በአካሉ ላይ ይለጠፋል።

ለመልኩ ሲባል ከታዘዘው የሰፋ ጎማ ማስገባት አይመከርም። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ቅርጹን ያጣል፣ ከሰንሰለቱ ወይም ከጭቃ መከላከያው ጋር ይፋተጋል፣ ኩርባ ላይም ሞተሩ እንደ ወትሮው አይታዘዝም። ጥርሱ የሳሳውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አዛውሮ አዲስ የኋላ ጎማ ብቻ መግዛትም ቁጠባ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የፊትና የኋላ ጎማዎች መጠንና አሠራር ብዙ ጊዜ የተለያየ በመሆኑ፣ በተለይም መሪውን የሚሸከመው የፊቱ ስለሆነ፣ ይህ አሠራር አደገኛ ነው።

ከመጠኑ ቀጥሎ 41ፒ ወይም 50ፒ እንደሚለው ያለ ቁጥርና የላቲን ፊደል ይገኛል። ፊደሉ ጎማው የሚቋቋመውን ከፍተኛ ፍጥነት ያመለክታል፤ ፒ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቁጥሩ ግን ኪሎ ግራም ሳይሆን የጭነት ደረጃ መለያ ነው። 41 ማለት ጎማው እስከ 145 ኪሎ ግራም፣ 50 ማለት እስከ 190 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው።

ይህ መለያ በተለይ ሰውና ዕቃ ለሚያመላልሱ አሽከርካሪዎች ትልቅ ትርጉም አለው። ክብደቱ 115 ኪሎ ግራም በሆነ ሞተር ሳይክል ላይ እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ግማሽ ኩንታል እህል ከኋላ ቢታሰር ጠቅላላው 295 ኪሎ ግራም ይሆናል። ተሳፋሪውና ጭነቱ ያሉት ከኋላ በመሆኑ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በኋላው ጎማ ላይ ቢያርፍ 197 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ደረጃው 50 የሆነ ጎማ አዲስ ቢሆንና አየሩም ሙሉ ቢሆን እንኳ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። እዚህ ላይ መፍትሔው ጠንካራ ጎማ መፈለግ ሳይሆን ጭነቱን መቀነስ ነው፤ ከጎማው ሌላ ቸርኬው፣ የቸርኬው ሽቦዎችና ፍሬኑም የተሠሩት ለተወሰነ ክብደት ነውና።

የተመረተበት ጊዜ እና የዘመን አቆጣጠር ልዩነት

ጎማ ሳይነዳበትም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ጎማውን ቀስ በቀስ ያደርቁታል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እያለ እርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዲ፣ ኦ እና ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ በሚገኘው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ያሳያሉ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚታተም ጎማውን አገላብጦ መፈለግ ተገቢ ነው።

በአገራችን በቀላሉ ሊፈጠር የሚችል ስህተት እዚህ ላይ አለ። ዓመቱ የሚታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 1216 የሚል ጎማ የተመረተው በአውሮፓውያን 2016 በ12ኛው ሳምንት፣ ማለትም በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው። ገዢው 16ን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2016 ብሎ ቢያነበው ጎማው ከእውነተኛ ዕድሜው ስምንት ዓመት ያነሰ ሆኖ ይታየዋል፤ ያረጀ ጎማም በአዲስ ዋጋ ይገዛል። በተቃራኒው 24 የሚል ቁጥር ያየ ገዢ "ይህ ዓመት ገና አልደረሰም" በሚል ጤነኛውን ጎማ ሊጠራጠር ይችላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሳምንቱ እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8፣ ከ37 ጀምሮ ከሆነ 7 ይቀነሳል።

ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲቀየር ይመክራሉ። ለአንድ ዓመት በጥላ ውስጥ በአግባቡ የተቀመጠ ጎማ ችግር የለበትም። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመው ግን በጥርሶቹ መካከል ቀጫጭን ስንጥቆች እንዳሉት መታየት አለበት። ጥርሱ አልቆ በቢላ አዲስ መስመር የተቆረጠለት ጎማ በምንም ዋጋ መገዛት የለበትም፤ መስመሩ የሚቆረጠው ጎማውን ከሚሸከመው ከውስጠኛው ክር ላይ ያለውን ሽፋን በማሳሳት ነው። ግዢው ሲፈጸም ደረሰኝ መቀበልና የጎማውን መጠንና የምርት ቁጥር በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ በኋላ ለሚነሳ ቅሬታ ማስረጃ ይሆናል።

የሚነዳበት መንገድ

ሰፋፊና የተራራቁ ጥርሶች ያሉት ጎማ ጭቃና ልቅ አፈር ይይዛል፤ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ግን መንገዱን የሚነካው ጎማ ጥቂት ስለሆነ በዝናብ ጊዜ የፍሬን ርቀቱ ይረዝማል፣ ቶሎም ያልቃል። ለአስፋልት የተሠራው በበኩሉ በክረምት ጭቃ ጥርሱ ይደፈንና እንደ ለስላሳ ጎማ ይንሸራተታል። በወረዳና በቀበሌ መካከል የሚመላለሱ የግብርናና የጤና ባለሙያዎችን ጨምሮ በአንድ ቀን ሁለቱንም መንገድ ለሚነዱ ሰዎች ጥርሱ መካከለኛ የሆነው ድብልቅ ጎማ የተሻለ ምርጫ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው የጭቃ ጎማ ትርፉ ድምፅና ወጪ ነው።

አዲስ ጎማ በላዩ የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን ስለሚኖረው የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ፣ ያለ ድንገተኛ ፍሬንና ያለ ጠንካራ ዘመም ማለት መንዳት ያስፈልጋል።

በየሳምንቱ፦ አየር

በቤት ውስጥ ከሚደረጉ እንክብካቤዎች ሁሉ ርካሹም ጠቃሚውም አየር መለካት ነው። በአውራ ጣት ተጭኖ ወይም በእግር ረግጦ መገመት መለካት አይደለም፤ ግማሽ አየሩን ያጣ ጎማ ለጣት ጠንካራ ሊመስል ይችላል። አነስተኛ የእጅ መለኪያ መግዛት ይበቃል።

አየር የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። ጎማው ሲነዳበት ስለሚሞቅ ንባቡ ከፍ ይላል፤ ትኩስ ጎማ ተለክቶ "በዛ" ተብሎ የተቀነሰ አየር በማግስቱ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ አሽከርካሪም እዚያው አድሮ ጠዋት እንደገና ቢለካ ትክክለኛውን ያገኛል። መጠኑን የሚወስነው የተሽከርካሪው መመሪያ ነው። ለብዙ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ለፊት 25፣ ለኋላ ብቻውን ለሚነዳ ሰው 28፣ ከተሳፋሪ ጋር 32 ፒ ኤስ አይ የተለመደ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የግፊት መጠን ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ በየቀኑ የሚሞላው ልክ አይደለም።

አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፣ ጠርዙ ይበላል፣ ጉድጓድ ሲገባም ከመነዳሪው በቸርኬው ይቆነጠጣል። የበዛው መካከሉ ብቻ ያልቃል፣ ጠጠር ላይም ይዘላል። በየሳምንቱ አየር የሚቀንስ ጎማ ካለ የቫልቩን ክዳን አውልቆ የሳሙና ውኃ መቀባት ይጠቅማል፤ አረፋ ከተነፋ ችግሩ ቫልቩ ነው። ክዳኑ አቧራ ስለሚከለክል ተጥሎ መቅረት የለበትም።

የጎማውን ጥርስ በተመለከተ በጎኑ ላይ ቲ፣ ደብልዩ እና አይ የሚሉ ፊደላት ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ባለበት አቅጣጫ፣ በጥርሶቹ መካከል ከፍ ያለ ጉብታ አለ። የጥርሱ ከፍታ ከጉብታው ጋር ሲተካከል ጎማው አልቋል።

በየወሩ፦ ቸርኬው፣ ሽቦዎቹና ኩሽኔታው

ሞተሩን በሁለት እግሩ መቆሚያ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ፣ ማርሹን ነጻ አድርጎና ሞተሩን አጥፍቶ ጎማውን በእጅ ማሽከርከር ያስፈልጋል። ከቸርኬው አጠገብ የማይንቀሳቀስ እርሳስ ወይም ስንጥር ቢያዝ ቸርኬው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚዋልል ይታያል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዋልል ከሆነ ወደ ባለሙያ ይወሰዳል።

የቸርኬ ሽቦዎችን አንድ በአንድ በትንሽ ቁልፍ መታ መታ ማድረግ ይቻላል። የጠበቀ ሽቦ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የላላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። አንድ ወይም ሁለት የላሉ ሽቦዎችን በሩብ ዙር ማጥበቅ ይቻል ይሆናል። ብዙ የላሉ ካሉ ወይም የተሰበረ ካለ ግን መነካት የለባቸውም፤ ሽቦዎቹ ቸርኬውን የሚይዙት በእኩል በመሳሳብ ስለሆነ አንዱን ወገን ብቻ ማጥበቅ ቸርኬውን ያጣምማል፣ የሽቦው ጫፍም ወደ ውስጥ ገፍቶ ከመነዳሪውን ይበሳል።

ቀጥሎ ጎማውን በአንድ እጅ ከላይ፣ በሌላው ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። የሚንኳኳ ከሆነ ወይም ሲሽከረከር የሚያጓራ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ግራሶ መጨመር ድምፁን ለጥቂት ቀናት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ያለቀ ኩሽኔታ አይድንበትም።

ሰንሰለቱን (ካቴናውን) ለማጥበቅ የኋላው ጎማ ወደ ኋላ ስለሚሳብ ሥራው የጎማ ሥራም ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ቁጥር ላይ ካልቆሙ ጎማው አግድም ይሆናል፤ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ጎማውም በአንድ ወገን ያልቃል።

ጎማ ሲበሳ

አብዛኞቹ ሽቦ ያላቸው ቸርኬዎች የሚሠሩት ከከመነዳሪ ጋር ነው። ከመነዳሪ ሲበሳ አየሩ በፍጥነት ይወጣል። ኋላው በድንገት መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬኑን አጥብቆ ከመያዝ ይልቅ ነዳጁን ለቆ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ፍጥነቱ በራሱ እስኪቀንስ መጠበቅና ዳር መያዝ ያስፈልጋል። የተበሳውን ይዞ እስከ ጎሚስታ መንዳት ጎማውንም ቸርኬውንም ያበላሻል።

ቀዳዳው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። አንድ ክብ ቀዳዳ የሚስማር ወይም የእሾህ ነው፤ ከመጠገኑ በፊት የጎማው ውስጥ በእጅ ሳይሆን በጨርቅ ተዳስሶ የቀረው ስባሪ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱ ልጥፍ በዚያው ቀን ይበሳል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀዳዳዎች ከታዩ አየሩ ያነሰ እንደነበረ ወይም ሲገጠም በማስገቢያ ብረቱ እንደተቆነጠጠ ያመለክታሉ። በቫልቩ ሥር የተቀደደ ከመነዳሪ አይለጠፍም፣ ይቀየራል። ጎማ ሲገባ ጠርዙን ለማለስለስ የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ ዘይትና ናፍጣ ጎማውን ይበላሉ።

ጎማው ተፈትቶ ከተመለሰ በኋላ ሁለት ነገሮች ሳይረጋገጡ መነሳት አይገባም። አንደኛው የመካከለኛው ዘንግ ዳዶ በሚገባ መጥበቁና የመቆለፊያ ሽቦው መመለሱ ነው። ሁለተኛው የኋላ ፍሬን ከበሮን ከአካሉ ጋር የሚያያዘው ዘንግ መታሰሩ ነው፤ ይህ ዘንግ ከተረሳ የመጀመሪያው ፍሬን ሲያዝ ከበሮው አብሮ ዞሮ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። ከዚያም በቆመበት ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ፣ በዝግታ ጥቂት ሜትሮች ነድቶ መሞከር፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላም ዳዶዎቹን እንደገና መፈተሽ ይገባል።